ሳይጠየቅ የታየ ፊት

ሰው ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሰዎች እንደሚያዩት ባወቀ ጊዜ የሚያሰናዳው ፊት ነው፤ ሁለተኛው ማንም የማያየው ሲመስለው እንዲሁ የሚተወው ፊት ነው። የመጀመሪያውን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን እናቱ በእንቅልፉ፥ ሚስቱ በድካሙ፥ የንስሐ አባቱም በጸጸቱ ጊዜ ያዩት እንደሆነ ነው እንጂ፥ በሙሉ የሚያውቀው ፈጣሪው ብቻ ነው። በዚህ ዘመን ካሜራ በየሰው ኪስ ስለ ገባ፥ ይህን ሁለተኛውን ፊት ለማየት ዝምድናም ሆነ ፍቅር፥ የዓመታትም ትውውቅ የማያስፈልግ ሆኗል፤ አንዲት ጣት ማንቀሳቀስ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል፤ ይኸውም ባለቤቱ ሳያውቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ከእርሱ የተሰረቀ ነውን፥ ወይስ ለእርሱ የተሰጠ ክብር ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በየአገሩ የሚነሣ ቢሆንም፥ በኳታር ዋና ከተማ በዶሃና በአካባቢዋ እጅግ ይከብዳል። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ከልዩ ልዩ አገር ለእንጀራ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ በመካከላቸውም በሰው ቤት የሚያገለግሉ፥ መኪና የሚነዱ፥ በሆቴልና በጥበቃ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። በዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ ስለ ሆነ፥ ክርስቲያኖቹ የሚሰበሰቡት በዓርብ ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ በመሳይሚር አካባቢ የገዢው ቤተ ሰብ በፈቀደው መሬት ላይ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሰፊ ቅጥር አለ፤ በዚያም የመጀመሪያው ሕንፃ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ተባርኮ ተከፍቷል፤ የሚከተሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከውጭ ሲታዩ መስቀል አይታይባቸውም፤ ደወልም አይሰማባቸውም፤ ከውስጥ ግን ጸሎቱ በየቋንቋው ይፈስሳል። ከጸሎት በኋላም ብዙዎች ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚረዝመው የባሕር ዳር መንገድ፥ ኮርኒሽ ወደሚባለው፥ ወርደው ንፋስ ይቀበላሉ፤ ፎቶግራፍም ይነሣሉ።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ነገር ይታሰብ። አንድ ወጣት ካሜራውን ይዞ በዚያ መንገድ ሲሄድ፥ አንዲት የአገሩ ልጅ በባሕሩ አጥር ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ያያል። ከእናትዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር ቆይታ አሁን ጨርሳለች፤ ስልኩ ገና በእጅዋ ነው። ነጠላዋ ከራስዋ ወርዷል፤ እንባዋ በጉንጭዋ ላይ አለ፤ ከንፈርዋ ግን እናትዋ በተናገረችው አንድ ነገር ገና ይሥቃል። የሚጠልቀው ፀሐይ ብርሃኑን በገጽዋ ላይ ጥሏል። ወጣቱም ያነሣል። ወደ ቤቱ ገብቶ ሲመለከተው በሕይወቱ ካነሣቸው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። እርስዋ ግን ምንም አታውቅም። ይህ ወጣት የያዘው ነገር ምንድን ነው? ምንስ ሊያደርግበት ይገባዋል?

አስቀድሞ የወጣቱን መልካም ምክንያት መስማት ፍትሐዊ ነው። በኢትዮጵያ ሰው ለፎቶግራፍ የሚቆመው እንደ ዳኛ ቀጥ ብሎ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ከነበረው ከአርመናዊው ከቤድሮስ ቦያጅያን ጀምሮ፥ ከእርሱም በኋላ ሥራውን ከያዙት ከልጆቹ ከሃይጋዝና ከቶኒ ወዲህ፥ በየፎቶ ቤቱ የተለመደው አቋቋም ይኸው ነው፤ ዓይን ወደ ፊት፥ እጅ በጉልበት ላይ፥ ልብስ የክት። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ቅዱሳንን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ በሙሉ ፊት ይሥሏቸዋል፤ ዐመፀኞችን ግን በአንድ ዓይን፥ በጎን ፊት ይሥሏቸው ነበር። እንግዲህ ፊትን አዘጋጅቶ መቆም ማታለል አይደለም፤ የክብር ሥርዓት ነው። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ ወደ ቤተ መቅደስ ቢሄድ ግብዝ እንደማይባል፥ ፊቱንም አስተካክሎ ቢቆም አይነቀፍም።

ነገር ግን በዶሃ የተዘጋጀው ፊት ሳይፈልግ ሐሰት የሚናገርበት ጊዜ አለ። ልጅቱ ከጓደኛዋ በተዋሰችው የአንገት ሐብል አጊጣ፥ ከኋላዋ የዌስት ቤይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እንዲታዩ ሆና ሥቃ ትነሣለች፤ ያንንም ወደ አገርዋ ትልካለች። እናት በዚያ ሥዕል ላይ ደስታን ታያለች፤ ወንድም ገንዘብ ያያል፤ ታናሽ እኅት ደግሞ የምትከተለውን መንገድ ታያለች። ከሳምንቱ ስድስት ቀን የሚሆነውን ግን ማንም አያይም። ምንም እንኳ በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ቢያዝዝም፥ ሕግ በተጻፈበት ቀን ሁሉ ቤት ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወጣቱ በባሕሩ ዳር ያነሣው፥ እንባና ሣቅ የተቀላቀለበት ፊት፥ ከመቶ የተዘጋጁ ሥዕሎች ይልቅ እውነት ነው። እውነትን ማሳየት በራሱ በጎ ሥራ አይደለምን?

ይህን ክርክር የፎቶግራፍ ታሪክም ያውቀዋል። ጥበቡ በ1839 ለዓለም በተገለጠ ጊዜ ሰው ሥዕሉ እስኪያዝ ድረስ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት፤ ስለዚህ ሳያውቅ መነሣት እጅግ አዳጋች ነበር። በ1925 ላይካ የተባለው ትንሽ ካሜራ ለገበያ ከወጣ በኋላ፥ እንዲሁም ብርሃንን በብዛት የሚቀበሉ ሌንሶች ከተሠሩ በኋላ ግን፥ ያልተዘጋጀን ፊት በቅጽበት መያዝ እጅግ ቀለለ። በጀርመን ኤሪክ ሰሎሞን በ1920ዎቹ መጨረሻ ካሜራውን በባርኔጣ ውስጥ ሠውሮ የፍርድ ቤት ችሎት አነሣ፤ የመንግሥታት መልእክተኞችም በጉባኤ መካከል ሲያዛጉና ሲንሾካሾኩ አሳየ። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርትዬ ብሬሶን በ1952 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሁለት ስም አለው። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም «ወሳኙ ቅጽበት» ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ ያለው ስም ግን «በስውር፥ በጥድፊያ የተወሰዱ ሥዕሎች» ወደ ማለት ያደላል። አንዱ መጽሐፍ በአንድ አገር የጥበብ ስም፥ በሌላው የሌባ ስም የሚመስል ተሰጠው። ነገሩም በእውነት ሁለቱንም ይመስላል።

ከዚህ የሚጠልቅ ምሳሌም አለ። አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስ ከ1938 እስከ 1941 በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎችን ካሜራውን በካፖርቱ ውስጥ ደብቆ፥ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል አውጥቶ አነሣቸው። በዚያ ሥዕል ላይ ያሉት ሰዎች ድካማቸውን የተሸከሙ፥ ከራሳቸው ጋር ብቻ ያሉ ናቸው። ኤቫንስ ግን ሥራውን በመጽሐፍ መልክ ያወጣው በ1966 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ያህል መዘግየቱ ነው። ለመጽሐፉም ስም የሰጠው በማቴዎስ ወንጌል ስለ ሰርግ ከተነገረው ምሳሌ ወስዶ፥ ብዙዎች የተጠሩ መሆናቸውን በሚያመለክተው ቃል ነው። ከሥራው እንደሚታየው በሰረቀው ፊት ላይ የጥሪን ምልክት አይቷል፤ ያን ያህል ዘመንም በእጁ አቈየው።

በዚያው ከተማ ከ1999 እስከ 2001 ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በታይምስ አደባባይ መብራት ሰቅሎ፥ ራቅ ብሎ ቆሞ የአላፊ አግዳሚውን ፊት አነሣ። ከእነዚያም አንዱ ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሥዕላቸው ታትሞ እንደ ተሸጠ በኋላ ሰምተው፥ በእምነታቸው ምክንያት ምስላቸው እንዲህ መሆኑን እንደማይቀበሉ ገልጸው ከሰሱ። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በ2006 ሥራው የኪነ ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ዘጋው። በኳታር ግን ሕጉ ወደ ሌላው ወገን ያደላል። በ2017 የተሻሻለው የወንጀል ሕግ የሰውን የግል ሕይወት ለሚደፍር፥ በአደጋ የቆሰሉትንና የሞቱትንም ያለ ፈቃድ ለሚያነሣ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ሪያል መቀጮ ደነገገ። በ2025 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ በአደባባይ ያለን ሰው ሥዕል እንኳ ሳያውቅና ሳይፈቅድ በመረጃ መረብ የሚያሠራጨውን እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት፥ ወይም እስከ 100,000 ሪያል በሚደርስ መቀጮ፥ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። እንግዲህ አንዱ አገር ለሚያየው፥ ሌላው ለሚታየው ፈረደ።

ክርስቲያን ግን ሕግ የቆመበት ቦታ ላይ ጥያቄው አያበቃለትም። ሕግ ፈቃድ መኖሩን ይጠይቃል፤ ኅሊና ግን ያ ፈቃድ በነጻነት የተሰጠ መሆኑን ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊት ሴት በሰው ፊት «ላንሣሽ ወይ?» ብትባል ብዙ ጊዜ «ግድ የለም» ትላለች፤ አንደበትዋ የሚናገረው ይሉኝታዋን ነው፤ ልብዋ ሌላ ሊል ይችላል። ከአሠሪው ፊት የቆመ ሠራተኛ፥ የመንገደኛ ምጽዋት የሚጠብቅ ነዳይ፥ የእንግዳ ክብር የሚያስጨንቀው መነኵሴም እንዲሁ ናቸው። በዶሃ ምሸይረብ በሚባለው ሰፈር በ2015 የተከፈተ ቢን ጀልሙድ የተባለ ቤተ መዘክር አለ፤ የሚናገረውም ስለ ባርነት ታሪክ ነው። በኳታር ባርነት በሕግ የቀረው በ1952 ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎችም በዚያ ታሪክ ውስጥ አሉ። ያን ቤት የጎበኘ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ «አይሆንም» ማለት የማይችል ሰው «ይሁን» ማለቱ ፈቃድ ሆኖ አይቈጠርም።

ከሁሉ የሚደነቀው ፈተና የተኛ ሰው ነው። በኳታር በ2021 በወጣው ውሳኔ መሠረት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ፥ እንደ አውሮፓውያን ወር፥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ በፀሐይ ላይ የውጭ ሥራ የተከለከለ ነው። በዚያ ሰዓት የግንብ ሠራተኞች ባገኙት ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ፤ አንዱ ክንዱን ተንተርሶ፥ ሌላው ጨርቁን በዓይኑ ላይ ጥሎ። ለካሜራ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፤ አይንቀሳቀሱም፥ አይቆጡም፥ ፊታቸውም ያልተዘጋጀ ነው። ነገር ግን ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራሱን ሳያውቅ በተኛ ጊዜ ሦስት ልጆቹ ያደረጉት ሊታሰብ ይገባል። ካም አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፥ ፊታቸውን መልሰው፥ ወደ ኋላ እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑት። ካም ያየው እውነት ነበረ፤ የተናገረውም ሐሰት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ እውነት ብቻውን አላጸደቀውም፤ ያየውን የአባቱን ዕራቁትነት ለወንድሞቹ ወሬ አደረገው። ያለ ፍቅር የተነሣ እውነተኛ ሥዕልም የካም ወሬ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጌታችን በመቅደሱ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰዎች ገንዘብ ሲጥሉ ይመለከት ነበር። አንዲት ድኻ መበለት መጥታ ሁለት ሳንቲም ጣለች። እንደታየች አላወቀችም፤ ፊትዋንም አላዘጋጀችም። እርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ አሳያቸው፤ ያሳያቸውም ክብርዋን ነው፤ ስምዋ ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም። በዚህ ቦታ ሳያውቅ የታየ ሰው አልተዋረደም፤ ከፍ አለ እንጂ። ስለዚህ ሳያውቁ ማየት ሁሉ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ያለው ከማየት በኋላ በሚሆነው ላይ ነው።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚገልጸው የአጋር ታሪክ ነው። አጋር በባዕድ ቤት የምታገለግል ግብጻዊት ሴት ነበረች፤ መከራው ቢጸናባት ከእመቤትዋ ፊት ኰብልላ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ ተቀመጠች። በዚያ የኦሪት ምዕራፍ አብራምና ሦራ ሲነጋገሩ «አገልጋይ» ይሏታል እንጂ በስምዋ አይጠሯትም፤ በስምዋ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ቀጥሎም ከወዴት እንደ መጣች፥ ወዴትም እንደምትሄድ ጠየቃት። ሁሉን የሚያይ አምላክ የላከው መልአክ ይህን መጠየቅ ለምን አስፈለገው? ማየቱ ብቻ ይበቃ አልነበረምን? ነገር ግን ጠየቃት፤ እርስዋም ታሪክዋን በራስዋ አንደበት ተናገረች። ከዚያ በኋላ ነው እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ የጠራችው። ሙስሊሞችም በሐጅ ጊዜ በሰፋና በመርዋ መካከል ሲመላለሱ እርስዋን ያስባሉና፥ ይህች ሴት በዶሃ ለባለ ቤቱም ለአገልጋይዋም የታወቀች ናት። ፈቃድ የማያስፈልገው አምላክ እንኳ መልአኩን ልኮ ያያትን ሴት ካስጠየቃት፥ ካሜራ የያዘ ሰው ሳይጠይቅ ማለፉ እንዴት ይሆናል?

እዚህ ላይ ባለ ሙያው አንድ መከራከሪያ ያመጣል፤ «አስቀድሜ ብጠይቅ ፊቱ ይለወጣል፤ የፈለግሁት እውነትም ይሸሻል» ይላል። እውነት ነው፤ «ላንሣህ» የተባለ ሰው ወዲያው አንገቱን ያቀናል። ግን የመልካም ፎቶግራፍ አንሺዎች ልማድ ራሱ መልሱን ይሰጣል። በሱቅ ዋቂፍ የገበያ መንገዶች የገዢውን ዕቃ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ላይ ጭነው የሚገፉ ሽማግሌዎች አሉ። ችኩሉ ሰው ከሩቅ በረጅም ሌንስ ያነሣቸዋል፤ ከሥዕሉም የሚገኘው የጋሪና የሽበት ምስል ብቻ ነው። ታጋሹ ግን ቀርቦ ሰላም ይላል፤ አጭር ሌንስ ይይዛል፤ ካሜራውን አይደብቅም፤ ሻይ አብሮ ይጠጣል፤ ስለ ልጆቻቸው ይሰማል። የቀትሩ ብርሃን ዓይንን በጥላ ስለሚቀብር ማለዳውን ወይም የፀሐይ መጥለቂያውን ይጠብቃል። «ሣቁ» አይልም፤ እጃቸው ሥራ እስኪይዝ፥ ከባልንጀራቸውም ጋር እስኪጨዋወቱ ይቆያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካሜራው እንደ አንድ ዕቃ ይረሳል። ያን ጊዜ የሚነሣው ፊት ያልተዘጋጀ ነው፤ ግን የተሰረቀ አይደለም፤ ሽማግሌው ማን እንዳለ እያወቁ፥ ስላመኑት ፊታቸውን ትተውታልና። እንግዲህ ያልተዘጋጀ ፊት የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ መደበቅ፥ ሁለተኛው መታመን ነው። መደበቅ ቅጽበት ይበቃዋል፤ መታመን ግን ጊዜ ይፈልጋል። የኪነ ጥበቡ ትዕግሥትና የክርስቲያኑ ትዕግሥት በዚህ ይገናኛሉ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቅጽበቱ ጊዜ አይሰጥም፤ በባሕሩ ዳር የሆነውም ይኸው ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጥያቄው ከሥዕሉ በፊት ካልተቻለ ከሥዕሉ በኋላ ይሁን። ወጣቱ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ልጅቱ ቀርቦ «እኅቴ፥ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሳልጠይቅሽ አንሥቼሻለሁ፤ ተመልከቺው፤ የአንቺ ነው» ሊላት ይገባው ነበር። አሁንም አልዘገየም፤ በሚመጣው ዓርብ ፈልጎ ሊያገኛት ይችላል። እርስዋም ከሁለት አንዱን ትላለች። ምናልባት ሥዕሉን ትኵር ብላ ተመልክታ፥ «ለእናቴ ላክልኝ» ትለው ይሆናል፤ ከሐብሉና ከሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ ይልቅ እናትዋ ልጅዋን በእውነት የምታይበት የመጀመሪያው ሥዕል ይኸው ነውና። ምናልባት ደግሞ «አሠሪዎቼ ቢያዩት ጉድ ይፈላል፤ እናቴም እንባዬን አትይ፤ አጥፋው» ትለው ይሆናል። ይህን ጊዜ በፊትዋ ሊያጠፋው ይገባል፤ ሌላ ቅጂም ሊያስቀር አይገባም። ይህ ቀላል አይደለም። በሕይወቱ ያነሣውን የሚበልጥ ሥራ በገዛ ጣቱ መደምሰሱ ነውና። ነገር ግን ሥዕሉን በሚያጠፋበት ቅጽበት፥ እርስዋ በዚያ አገር «አይሆንም» ብላ የተሰማችበትን አንድ ጊዜ ይሰጣታል። ያ ጊዜ ከሥዕሉ ሊበልጥ እንደሚችል ወጣቱ ያን ቀን ባያውቀው እንኳ፥ በኋላ ያውቀዋል።

ይህ ነገር ለዶሃ ብቻ የሚነገር አይደለም። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን፥ በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ የሚኖሩ አባቶች፥ በላሊበላም ከአለት በተፈለፈለው በር ላይ መጽሐፋቸውን ዘርግተው የሚጸልዩ መነኮሳት፥ በየቀኑ ሳይጠየቁ የሚነሡ ሰዎች ናቸው። ተሳላሚው ካሜራውን ሲያነሣ የሚያየው ነጭ ጥምጣም፥ የተሸበሸበ እጅና የጧፍ ብርሃን ነው፤ የሚያነሣው ግን ከአምላኩ ጋር ብቻውን ያለ ሰው ነው። በጸሎት ያለ ሰው የተኛውን ይመስላል፤ ራሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ተሳላሚው ካም ወይም ሴምና ያፌት መሆን በእጁ ነው። ጸሎቱ እስኪፈጸም ይቆይ፤ እጅ ነሥቶ ስማቸውን ይጠይቅ፤ ሥዕሉን ያሳያቸው፤ «ይቅር» ካሉትም ይቅር። መነኵሴውም በበኩሉ፥ በትሕትና የጠየቀውን እንግዳ ፊቱን አይንሣው፤ አንዳንዱ ተሳላሚ ከሩቅ አገር፥ ምናልባትም ከዶሃ የሰው ቤት፥ የዓመት ደመወዙን አጠራቅሞ የመጣ ነውና፥ ይዞት የሚሄደው በረከት ያ ፊት ሊሆን ይችላል።

ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያልተዘጋጀ ፊቱን ይዞ በፈጣሪው ፊት ይቆማል፤ በዚያ ቀን አቋቋምን ማሳመር የለም። ያን ቀን በምሕረት ዓይን መታየትን የሚመኝ ሁሉ፥ ዛሬ ባልንጀራውን በዚያው ዓይን ይመልከት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።